የንጉሡ እጅጌና የሳንሱሩ መቀስ

(ከዚህ በታች የቀረበው ጥቂት የፊልም ወዳጆች ተሰብስበው አንድ የቻይና ፊልም ከማየታቸው በፊት ያደረግኩት ንግግር ነው። ለጋዜጣ እንዲመች አንዳንድ ቦታ ከማሳጠሬ በቀር ቃሉን አልለወጥኩም። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



«ጓድ» የሚለውን ቃል የማያውቅ ሰው እዚህ ቤት ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ዕድሜው ያልደረሰም ቢሆን ከአባቱ ሰምቷል። በስብሰባ ጓድ፣ በሰልፍ ጓድ፣ የቀበሌ ስኳር ወረፋ ላይ ሳይቀር ጓድ ነበርን። ቻይኖችም እንደዚያው ናቸው። በእነሱ ቋንቋ «ቶንግዢ» ይባላል፤ አንድ ዓላማ ያላቸው ሰዎች እንደ ማለት ነው። ሊቀመንበር ማኦም ቶንግዢ፣ ብስክሌት ጠጋኙም ቶንግዢ።

ታዲያ በ1989 ሆንግ ኮንግ ውስጥ ስለ ተመሳሳይ ጾታ ፍቅር የተሠሩ ፊልሞች የሚታዩበት ፌስቲቫል ሲዘጋጅ አዘጋጆቹን ስም ቸገራቸው። በቻይንኛ ያለው የመጽሐፍ ቃል ከሆስፒታል መዝገብ የወጣ ይመስላል። የሰፈሩ ቃል ደግሞ ስድብ ነው። አሰቡ፣ አወጡ፣ አወረዱና የኮሚኒስቶቹን «ጓድ» አንስተው ወሰዱት! ቃሉ ከሆንግ ኮንግ ወደ ታይዋን፣ ከዚያ ወደ ቤጂንግ ተሻገረ። ዛሬ ቤጂንግ ውስጥ አንድ ወጣት «እሱ እኮ ጓድ ነው» ካለ ስለ ፓርቲ አባልነት እያወራ አይደለም። እኔ ለትምህርት እዚያ በነበርኩበት ጊዜ አንድ የአገራችን ልጅ፣ የደርግ ዘመን ጨዋነት አለቅ ብሎት፣ የምግብ ቤቱን አስተናጋጅ «ጓድ!» ብሎ ቢጠራው ቤቱ በሳቅ አውካካ። አስተናጋጁ ግን ጨዋ ነበር፤ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ሩዙን አመጣለት።

እኔም ዛሬ «የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር» እያልኩ ነው የማወራው። እኛ አገር የተለመደውን ቃል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያ ቃል ከነፍርዱ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ፍርዱን ለየራሳችሁ ትቼ ታሪኩን ልንገራችሁ። ሃይማኖታችሁን ላስለውጥ አልመጣሁም። የመጣሁት ስለ መቁረጥ ላወራ ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ7 እስከ 1 ዓመት ባለው ጊዜ ቻይናን የገዛ አይ የሚባል የሀን ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ነበር። ዶንግ ሺየን የሚባል ወዳጅ ነበረው፤ መልከ መልካም ወጣት። አንድ ቀን ቀትር ላይ አብረው ተኝተው ሳለ ንጉሡ ሊነሳ ፈለገ። ልጁ ግን የንጉሡ እጅጌ ላይ ተኝቶበታል። ንጉሡ ምን አደረገ? ልጁን ከሚቀሰቅሰው የገዛ እጅጌውን ቆርጦ ተነሣ። ይሄን የጻፈው የአሉባልታ ጸሐፊ አይደለም፤ ባን ጉ የተባለው ትልቁ የታሪክ ጸሐፊ በሀን ዜና መዋዕል ውስጥ ነው ያሰፈረው። ከዚያ ወዲህ «የተቆረጠው እጅጌ» የሚለው አነጋገር በቻይንኛ የወንዶችን ፍቅር የሚጠቁም ሆኖ ሁለት ሺህ ዓመት ኖረ።

ሁለተኛው ታሪክ የኮክ ታሪክ ነው። እኔ ከሁሉም የምወደው ይሄንን ነው። የዌይ አገር ገዢ የነበረው መስፍን ሊንግ፣ ሚ ዚሺያ የሚባል የሚወደው ወጣት ነበረው። አንድ ሌሊት ለሚ ዚሺያ «እናትህ ታማለች» የሚል መልእክት ደረሰው። ፈቃድ ሳይጠይቅ በመስፍኑ ሠረገላ ወጥቶ ሄደ። በአገሩ ሕግ የመስፍኑን ሠረገላ ያለ ፈቃድ የወሰደ ሰው እግሩ ይቆረጣል። መስፍኑ ግን «እንዴት ያለ ለእናቱ የሚያስብ ልጅ ነው! ስለ እናቱ ብሎ እግሩን ረሳ» ብሎ አደነቀው። ሌላ ቀን ደግሞ አትክልት ቦታ ሲንሸራሸሩ ሚ ዚሺያ ኮክ ገመጠ፤ ጣፈጠውና የቀረውን ለመስፍኑ አጎረሰው። መስፍኑም «ምን ያህል ቢወደኝ ነው ለራሱ ያልሳሳው!» አለ። ዓመታት አለፉ። የልጁ መልክ ረገፈ፤ ፍቅሩም ቀዘቀዘ። ከዕለታት አንድ ቀን በአንድ ነገር አስቀየመው፤ መስፍኑ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ይሄ እኮ ድሮም ሠረገላዬን የሰረቀ፣ የነከሰውን ፍርፋሪ ያበላኝ ሰው ነው!»

ይሄን ታሪክ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ሐን ፌይ የፖለቲካ ሰው ነው። ስለ ወንዶች ፍቅር ጥሩነትም ክፋትም አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ ጉዳዩም አልነበረም። ያስጠነቀቀው የገዢ አማካሪዎችን ነው፦ የሠራችሁት ሥራ ያው ሆኖ ሳለ፣ የጌታው ፊት ሲዞር ትናንት ያሸለማችሁ ነገር ዛሬ ያስከስሳችኋል ማለቱ ነው። ኮኩ ያው ኮክ ነበር። ይቺን ኮክ ያዙልኝ፤ ወደ ፊልሙ ስንገባ ታስፈልገናለች።

ጥንቱን ገነት አድርጌ ልሸጥላችሁ አልፈልግም። ዶንግ ሺየን ንጉሡ እንደሞተ ሥልጣኑ ተገፎ ራሱን አጠፋ፤ ሚስቱም አብራ ሞተች። አዎ፣ ሚስት ነበረችው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የቺንግ ሥርወ መንግሥት ሕግ በፈቃድ የተደረገውንም በዱላ ይቀጣ ነበር። ነገር ግን በዚያው ዘመን ዩዋን ሜይ የሚባል ጸሐፊ የሚከተለውን ተረት በመጽሐፉ አስቀመጠ፤ ሰውም እየሳቀ አነበበው። ፉጂየን ክፍለ ሀገር ውስጥ ሁ ቲየንባው የሚባል ሰው ከቤተ መንግሥት የመጣ አንድ ወጣት መርማሪ ባለሥልጣን አይቶ ልቡ ተሰረቀ። ተደብቆ ሲያየው ተያዘ፤ ሲገረፍ እውነቱን ተናገረ፤ ተገደለ። ከወር በኋላ ለአገሩ ሰው በሕልም መጥቶ «የሙታን ዓለም ሹማምንት ጉዳዬን ሰምተው ሳቁብኝ እንጂ አልተቆጡኝም፤ እንዲያውም የእንዲህ ዓይነቱ ፍቅር ጠባቂ የጥንቸል አምላክ አድርገው ሾሙኝ፤ ቤተ መቅደስ ሥሩልኝ» አለ። የምድር ሹም ገደለው፣ የሲኦል ሹም ሾመው! የአምልኮ ቦታው ታይዋን ውስጥ ዮንግሄ በተባለ የታይፔ ዳርቻ ሰፈር በ2006 እንደ አዲስ ተተክሏል፤ ወጣቶች ፍቅር እንዲሰምርላቸው ስለት ይሳላሉ።

ከተረት ወደ መድረክ እንለፍ። በቤጂንግ ኦፔራ የሴት ቦታ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። በእኛም አገር ቲያትር ሲጀመር እንደዚያ ነበር፤ ስለዚህ ብዙ አይገርማችሁም። በሻንሃይ አካባቢ ያደገው ዩዌ ኦፔራ ደግሞ በተቃራኒው ሴቶች ብቻ የሚጫወቱበት ሆነ፤ አፍቃሪውም ሴት፣ ተፈቃሪዋም ሴት። ከሁሉ የሚወደደው ጨዋታ «ሊያንግ ሻንቦና ዡ ዪንግታይ» ነው። ዡ ዪንግታይ የምትባል ልጃገረድ ለመማር ብላ የወንድ ልብስ ትለብሳለች። ከሊያንግ ጋር ሦስት ዓመት አንድ ትምህርት ቤት ይቆያሉ፤ እሱ ሴት መሆኗን ሳያውቅ ይወዳታል፤ ሳይጋቡ ይሞቱና ቢራቢሮ ሆነው ይበራሉ። በ1954 ይሄ ጨዋታ በቀለም ፊልም ተቀረጸ። ሁለቱንም አፍቃሪዎች የተጫወቱት ሴቶች ናቸው፤ ፋን ሩይጁዋንና ዩዋን ሹፈን። እና ይሄን ፊልም ጭኖ ወደ ጄኔቭ የወሰደው ማን መሰላችሁ? ጠቅላይ ሚኒስትር ዡ ኤንላይ! ስለ ኮርያና ስለ ኢንዶቻይና ጦርነት በተጠራው ጉባኤ ላይ ለዓለም ዲፕሎማቶችና ጋዜጠኞች «የቻይና ሮሜዎና ጁልየት» ብሎ አሳያቸው። ያን ጊዜ ኮኩ ጣፋጭ ነበር።

አሁን ቀጥሎ ወደምናየው ፊልም ልምጣ። በ1993 ቼን ካይጌ የተባለው ዳይሬክተር «ደህና ሁኚ ዕቁባቴ»ን ይዞ ካን ሄደ፤ ከኒውዚላንዷ ጄን ካምፒየን ጋር ተጋርቶ የወርቅ ዘንባባውን ሽልማት አገኘ። ከቻይና ፊልሞች የመጀመሪያው ነው። ታሪኩ ከ1920ዎቹ ይነሣል። አንዲት ሴተኛ አዳሪ ልጇን ለኦፔራ ትምህርት ቤት ልትሰጥ ትወስደዋለች። ልጁ ስድስት ጣት አለው፤ አስተማሪው «ተመልካች ይደነግጣል፤ አልቀበልም» ይላታል። እናት ልጇን ትወስድና ትርፏን ጣት በቢላ ትቆርጣታለች። ለመድረክ እንዲመች ሰው ሲቆረጥ የምናየው በዚህ ይጀምራል። ልጁ የሴት ቦታ እንዲጫወት ይደረጋል፤ እየተገረፈ፣ አፉ እየደማ፣ ሴት ነኝ ማለትን ይማራል። ሲያድግ የንጉሡን ዕቁባት ይጫወታል፤ ንጉሡን የሚጫወተው አብሮ አደግ ጓደኛው ነው። ጓደኛው መጋረጃው ሲወርድ ጨዋታው ያልቃል ብሎ ያምናል። እሱ ግን አያልቅለትም፤ ዕድሜ ልኩን ይወደዋል።

ጃፓን ይመጣል፣ ብሔርተኞቹ ይመጣሉ፣ ኮሚኒስቶቹ ይመጣሉ፤ ሰዎቹ ለሁሉም ይዘፍናሉ። ከዚያ የባህል አብዮቱ ይመጣል። እኛ «ሂስና ግለሂስ» የምንለው ነገር በእሳት ዙሪያ ተንበርክኮ ምን እንደሚመስል ለማየት የፈለገ ያንን ትዕይንት ይይ። ንጉሡ ነፍሱን ለማዳን ሲል የዕቁባቲቱን ገመና ባደባባይ ያወጣል፤ ዕቁባቲቱ ደግሞ የንጉሡን ሚስት ታሳጣለች፤ ሚስትየዋ ያን ቀን ራሷን ትሰቅላለች። እንግዲህ ፊልሙ ስለ ተመሳሳይ ጾታ ፍቅር ነው ብቻ ብሎ የነገራችሁ ሰው ግማሹን ነው የነገራችሁ። ሳንሱሩ ግን ሁለቱንም ግማሽ አልወደደውም። በ1993 በጋ ከሲኒማ ቤት ወረደ። ያኔ ቤጂንግ የ2000 ኦሎምፒክን ለማዘጋጀት እየተወዳደረች ነበር፤ ዓለም ያጨበጨበለትን ፊልም ማገድ ደግሞ አያምርም። ብዙዎች እንደሚሉት በዚህ ምክንያት ተቆራርጦ ተመለሰ። ኦሎምፒኩን ሲድኒ በሁለት ድምፅ በልጣ ወሰደችው።

ዕቁባቲቱን ስለተጫወተው ሌስሊ ቼንግ አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ደስ አይለኝም። የሆንግ ኮንግ ሰው፣ ትልቅ ዘፋኝ ነበር። የቤጂንግ ሰዎች እንኳ አካሄዱን፣ የእጁን ጣት አጣጣፉን አይተው አመኑት። በ2003 ኤፕሪል 1 ቀን በገዛ እጁ ሕይወቱ አለፈ፤ 46 ዓመቱ ነበር። ወዳጆቹ ዛሬም በየዓመቱ በዚያ ቀን አበባ ያስቀምጣሉ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1996፣ ዣንግ ዩዋን «ምሥራቅ ቤተ መንግሥት፣ ምዕራብ ቤተ መንግሥት»ን ሠራ። ስሙ ቤተ መንግሥት ይምሰል እንጂ በነገሥታቱ ግቢ አጠገብ ባሉ መናፈሻዎች ውስጥ ያሉት የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች ቅጽል ነው። አንድ ፖሊስ አንድ ጸሐፊ ይይዛል፤ ሌሊቱን ሙሉ ይመረምረዋል። እስረኛው እውነቱን ይናገራል፤ ሲናገር ሲናገር የሚጨነቀው መርማሪው ይሆናል። ፊልሙ በ1997 ካን ሲታይ ዳይሬክተሩ አልነበረም፤ ፓስፖርቱን ነጥቀውታል። ጽሑፉን አብሮት የጻፈው ታላቁ ደራሲ ዋንግ ሺያውቦ ደግሞ ከፌስቲቫሉ አንድ ወር በፊት ሞቶ ነበር።

የሴቶቹ ነገር አጭር ነው፤ ስለተሠራ ሳይሆን ስላልተሠራ። በ2001 ሊ ዩ የምትባል ዳይሬክተር «ዓሣና ዝሆን»ን በጥቂት ገንዘብ ሠርታ ቬኒስ ድረስ ወሰደችው፤ አገሯ ግን በሲኒማ ቤት አላየውም።

አሁን ልብ በሉ። በ1997 ቻይና የወንጀል ሕጓን ስታሻሽል እነዚህ ሰዎች ይታሰሩበት የነበረው የ«ዱርዬነት» አንቀጽ ወጣ። በ2001 ደግሞ ነገሩ ከአእምሮ ሕመሞች ዝርዝር ተሰረዘ። ስለዚህ ሰውየው ወንጀለኛም በሽተኛም አይደለም። ቤቱ መኖር ይችላል። በቴሌቪዥን ግን የለም! በ2006 አንግ ሊ የተባለው የታይዋን ተወላጅ ስለ ሁለት የአሜሪካ ከብት ጠባቂዎች ፍቅር በሠራው «ብሮክባክ ማውንቴን» ኦስካር ሲቀበል የቤጂንግ ጋዜጦች የቻይናውያን ኩራት ብለው አወደሱት። ፊልሙ ግን አልታየም፤ የሽልማት ንግግሩም በመንግሥት ቴሌቪዥን ሲተላለፍ ስለ እነዚያ ሰዎች የተናገረው ተቆርጦ ወጣ። ሽልማቱ የእኛ፣ ፊልሙ የእነሱ።

ሳንሱር ምን እንደሆነ እናንተን ማስተማር አያስፈልገኝም። ግን የድሮው ሳንሱር ቢያንስ ቢሮ ነበረው፤ ማኅተም ነበረው፤ ቀይ እስክሪብቶ የያዘ ሰውዬ ነበረው። የአሁኑ ወረቀት የለውም። ፋን ፖፖ የሚባል ወጣት በ2012 «ማማ ቀስተ ደመና» የሚል ዘጋቢ ፊልም ሠራ። ስድስት እናቶች ስለ ልጆቻቸው ይናገራሉ፤ ሲሰሙ እንዴት እንዳለቀሱ፣ በኋላ እንዴት እንዳቀፏቸው። ራቁት ገላ የለበት፣ ፖለቲካ የለበት፤ እናቶች ናቸው። ፊልሙ ከቪዲዮ ድረ ገጾች ላይ ጠፋ። ቢጠይቅ «ከበላይ ታዝዘን ነው» አሉት። በላዩን መሥሪያ ቤት ቢጠይቅ «እንዲህ ያለ ትእዛዝ አላወጣንም» አለ። ልጁም በ2015 መሥሪያ ቤቱን ቤጂንግ ፍርድ ቤት ከሰሰ! ክሱ ተሰማለት፤ ትእዛዙ በወረቀት አለመኖሩም በይፋ ታወቀ። እንግዲህ ማን አወረደው? ማንም። ፍርሃት አወረደው ልበል?

በ2016 ፌብሩዋሪ «ሱስ» የሚል የሁለት ወጣት ወንዶች ተከታታይ ድራማ ሚሊዮኖች እየተከታተሉት ሦስት ክፍል ሲቀረው ተቋረጠ። በዚያው ሰሞን የወጣው የቴሌቪዥን ድራማ መመሪያ የተመሳሳይ ጾታን ግንኙነት ከሥጋ ዘመድ ጋር ከሚደረግ ወሲብና ከአስገድዶ መድፈር ጋር አንድ ረድፍ ውስጥ አስቀመጠው። በ2018 ኤፕሪል ዌይቦ የተባለው ትልቅ ማኅበራዊ ገጽ «እኔም እንዲህ ያለውን አጸዳለሁ» ብሎ ሲያውጅ ግን ሰው ተነሣ፤ እጅግ ብዙ ሕዝብ «እኔ ጌይ ነኝ» እያለ፣ ያልሆነውም ሳይቀር፣ ገጹን አጥለቀለቀው። ኩባንያው በሦስት ቀን ውስጥ ቃሉን አጠፈ።

ሕዝብ ደግሞ ብልሃት አያጣም። እኛ ሰምና ወርቅ አለን አይደል? እነሱም የራሳቸው አላቸው። በኢንተርኔት የሚጻፉ፣ ደራሲዎቹም አንባቢዎቹም በአብዛኛው ሴቶች የሆኑ የወንዶች ፍቅር ልብ ወለዶች አሉ። ወደ ድራማ ሲለወጡ ፍቅሩ ይወጣና ወንድማማችነት ይገባል። በ2019 የታየው «ቼን ቺንግ ሊንግ» 50 ክፍል ነው፤ እውነቱን ለመናገር ለእኔ ረዝሞብኛል፣ ጸጉርና ጎራዴ ይበዛበታል። በመጽሐፉ የሚጋቡት ሁለት ሰዎች በድራማው ዓይን ለዓይን ይተያያሉ፤ በቃ። ተመልካቹ ግን ወርቁን አንጥሮ ያወጣል። በቀልድም «ሶሻሊስታዊ ወንድማማችነት» ብለው ስም አወጡለት! በ2021 ግን እሱም በዛ ተባለ፤ መንግሥት «ሴታ ሴት» የሆኑ ወንዶች ከስክሪን ይጥፉ የሚል መመሪያ አወጣ፤ ተቀርጸው ያለቁ ድራማዎች መደርደሪያ ላይ ቀሩ።

መደርደሪያ ላይ የቀረ ድራማ ያሳዝናል፤ እስር ቤት የገባች ደራሲ ግን ሌላ ነገር ነው። በ2018 አንሁይ ክፍለ ሀገር ውስጥ አንዲት ሴት በወንዶች ፍቅር ላይ የጻፈችውን ልብ ወለድ ወደ ሰባት ሺህ ቅጂ አሳትማ በመሸጧ 10 ዓመት ከ6 ወር ተፈረደባት። ክሱ የብልግና ጽሑፍ መነገድ ነው፤ መጽሐፉም ብልግና የለበትም አልልም። ነገር ግን ቻይኖቹ ራሳቸው የጠየቁት «አስገድዶ የደፈረ ስንት ዓመት ይፈረድበታል?» ብለው ነው። በ2025ም የላንዦው ከተማ ፖሊስ በርካታ ደራሲዎችን፣ አብዛኞቹ በሃያዎቹ ዕድሜ ያሉ ሴቶችን፣ በተመሳሳይ ክስ ይዟል። ከእነሱ ውስጥ ከጽሑፋቸው እዚህ ግባ የሚባል ገንዘብ ያላገኙ ነበሩበት።

መቀሱም ራሱ አድጓል። በዚያው በ2025 ሴፕቴምበር «ቱጌዘር» የሚባል የአውስትራሊያ አስፈሪ ፊልም ቻይና ውስጥ ለቅድመ ዕይታ ቀረበ። በዋናው ፊልም ሁለት ወንዶች የሚጋቡበት ትዕይንት አለ። ተመልካቾቹ ያዩት ግን ወንድና ሴት ሲጋቡ ነው፤ አልቆረጡትም፣ በኮምፒዩተር የአንዱን ሰውዬ ፊት የሴት ፊት አደረጉት! ድሮ ሲቆረጥ ቢያንስ ፊልሙ ይዘላል፤ «እዚህ ጋ አንድ ነገር ነበር» ትላለህ። አሁን ስፌቱም አይታይም። ዋናውን ያየ ሰው ባያጋልጥ ኖሮ ማን ያውቅ ነበር? የፊልሙ አከፋፋይ ተቃወመ፤ ፊልሙም ሳይታይ ቀረ።

ጊዜዬን ጨረስኩ መሰለኝ። ቀጥሎ የምታዩት «ደህና ሁኚ ዕቁባቴ» 171 ደቂቃ ነው። አሜሪካኖቹም ብፁዓን አይደሉም፤ ያኔ አከፋፋዩ ኩባንያ ረዘመ ብሎ 14 ደቂቃ ቆርጦለት ነበር። እኛ የምናየው ሙሉውን ነው። መሐል ላይ እረፍት የለም፤ ቡና ያልጠጣ አሁን ይጠጣ። የጣቷ ነገር መጀመሪያው አካባቢ ነች፤ ደም ማየት የማይችል ለጥቂት ሴኮንድ ዓይኑን ጨፈን ያድርግ።